ሞተሩ የተቀየረ ስልሳ ላንድክሩዘር ገዛሁ፤ ከየቱ ልጀምር?

የጎላዋ፦

ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፤ ታገሡኝ።

ኤፍጄ 60 ላንድክሩዘር ስቴሽን ዋገን ገዛሁ። ከፋብሪካ ሲወጣ የቤንዚን መኪና ነው። ቱ ኤፍ የሚባለው ባለ 4.2 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ነበረው። ዛሬ ኮፈኑን ስትከፍቱ የምታገኙት ግን የናፍጣ ዋን ኤችዜድ ነው። የሸጡልኝ ሰውዬም ሲገዙት ሞተሩ ተቀይሮ ነው ያገኙት። ማን ቀየረው፣ ከየትኛው መኪና ወረደ፣ ስንት ኪሎ ሜትር ሄዷል ብዬ ብጠይቅ መልስ ያለው ሰው አላገኘሁም።

"ምን አሮጌ መኪና ውስጥ ገባሽ?" የሚለኝ ብዙ ነው። ሥራዬ የመሬት ቅየሳ ነው። የምንሠራበት ቦታ አስፋልቱ ካለቀ በኋላ ነው የሚጀምረው። መሣሪያዬን፣ ረዳቶቼንና ውሃችንን ጭኖ ጭቃ የሚወጣ መኪና ያስፈልገኛል። የነዳጅ አውቶሞቢል ከውጭ ማስገባት ከ2016 ወዲህ ተከልክሏል፤ እዚህ ያለውም ዋጋው አይቀመስም። ስልሳው ቀላልና ጠንካራ ብረት ነው፤ ከፊትም ከኋላም ሙሉ አክስል፣ ከስር ባሌስትራ። ዋን ኤችዜድን ደግሞ ክፍለ ሀገር ወጥታችሁ የማያውቀው መካኒክ የለም። ስለዚህ በግዢው አልተጸጸትኩም። የቸገረኝ ቅደም ተከተሉ ነው።

እስካሁን ያየሁትን ልንገራችሁ።

ጠዋት ማስነሳቱ ያስጨንቃል። ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) እየጎተተ ነው የሚያዞረው። ሲነሳ ነጭ ጭስ ግቢውን ይሞላዋል፤ ዓይን ያቃጥላል። ከሞቀ በኋላ ሞተሪኖው ያው ቀርፋፋ ቢሆንም ሞተሩ ቶሎ ይይዛል። ባትሪው አዲስ ነው። አንድ ነው፣ ባለ 12 ቮልት።

ፍሬኑ ድርቅ ያለ ነው። ይይዛል፤ ግን ከማዘጋጃ ቤት በቸርችል ቁልቁል ስወርድ በሙሉ እግሬ ነው የምረግጠው። ከሁሉም የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።

ከብሔራዊ ቴአትር ወደ ፒያሳ ሽቅብ ሲወጣ ጥቁር ጭስ ይለቃል። ከኋላ ያሉ እግረኞች አፍንጫቸውን ሲይዙ በመስታወት አያቸዋለሁ። በጣም ይከብደኛል።

ክሩስኮቱ ላይ ያሉትን መርፌዎች ማመን አልቻልኩም። የዙር መቁጠሪያው ሞቷል። የሙቀቱ መርፌ ደግሞ ከታችኛው ሩብ አልፎ አያውቅም፤ ሜክሲኮ የትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ ቆሜም፣ ሽቅብ ወጥቼም ያው ነው።

ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳልሰጠው ቆሞ ሲሠራ፣ መሪው፣ ክሩስኮቱ፣ መስታወቱ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ትንሽ ነዳጅ ስሰጠው ይተወዋል።

የፊት ግራ ጎማ በውስጥ በኩል ጥቁር እርጥበት አለው። ከኋላ የጎን መስታወቱ ስር ቀለሙ አረፋ ሠርቷል።

ሊብሬው ላይ የተጻፈው ሞተር ቁጥር አሁንም የቱ ኤፉ ነው። የሽያጭ ውሉን ፈርመናል፤ ስም ግን ገና አላዞርኩም።

የተለያዩ ጋራዦች አሳየሁት። አንዱ ሞተሩ ወርዶ ይከፈት አለ። ሌላው ቀለም ይቅደም፣ ዋጋ ይጨምርልሻል አለ። ሌላው ደግሞ ቱርቦ ካልገባለት በዚህ ከፍታ አይረባም አለኝ። በጀቴ ሁሉንም በአንዴ አይችልም። ክረምቱ እንዳለፈ መስክ መውጣት አለብኝ። እናንተ ብትሆኑ በምን ትጀምሩ ነበር?

ሊብሬ ይቅደም፦

እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ። ስለ ብረቱ የሚያውቁት ይመልሱልሽ፤ እኔ ስለ ወረቀቱ ልበል።

ጋራዥ አንድ ብር ከመክፈልሽ በፊት የሞተር ቁጥሩን ነገር ጨርሺ። ሻንሲ ቁጥርና ሞተር ቁጥር የመኪናው መታወቂያ ናቸው። ተሽከርካሪ ስለሚመረመርበትና ስለሚመዘገብበት የወጣ አዋጅ አለ፤ ቁጥሩ 681/2002 ነው። አንብቢው። ብሎኩ ላይ ያለው ቁጥርና ሊብሬው ካልተስማሙ ስም ሲዞርም፣ ለቦሎ ምርመራ ስትቀርቢም፣ ነገ ልሽጠው ብትዪም ጣጣው ይከተልሻል።

ቁጥሩን በብሩሽና በናፍጣ አጥበሽ አጽጂው። ጥርት ያለ ፎቶ አንሺው። የሻንሲውንም ከሻንሲው ብረት ላይ እንጂ ከፕሌቱ ብቻ አታንብቢው። ከዚያ ሻጩን የሞተሩን ሰነድ ጠይቂያቸው፤ ከውጭ ከመጣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን፣ ከሌላ መኪና ከወረደ የዚያ መኪና ወረቀት። ቀሪ ክፍያ ካለብሽ ይሄ ሳያልቅ አትስጪ። ሻጩ ስልክ የሚያነሱት አሁን ነው፤ ስም ከዞረ በኋላ ማግኘቱ ይከብዳል።

ኢንሹራንስ ስትገቢም መኪናው ናፍጣ መሆኑንና አዲሱን ቁጥር አስመዝግቢ። አደጋ ደርሶ ካሣ ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው።

የድሮ ሾፌር፦

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ጥሩ ዓይን አለሽ። የጻፍሽው ውስጥ የመልሱ ግማሽ አለ።

ዕድሜዬን የጨረስኩት የመስክ ላንድክሩዘር ላይ ነው። ስልሳ አዲስ ሆኖ ሲመጣ ነድቼዋለሁ። ዛሬም ሰው ሲገዛ አብረህ እይልን ይሉኛል። ባለ ሌላ ሞተር የሆነ ስልሳ ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የማየው ሞተሩንም ቦዲውንም አይደለም። የማየው ሁለቱ የተጋጠሙበትን ቦታ ነው። ሽቦው፣ የፍሬኑ ቱቦ፣ የውሃው መንገድ፣ የናፍጣው መስመር፣ ሞተሩ የተቀመጠበት ሱፖርቶ። አንቺ ከዘረዘርሽው ውስጥ አብዛኛው የሚመጣው ከዚያ ነው። ስለዚህ ሞተሩ አይውረድ። ቀለሙም ይቆይ።

በፍሬኑ ጀምሪ። የቤንዚን ሞተር አየር ሲስብ በመግቢያው በኩል ቫኪዩም ይፈጥራል። የፍሬኑ ረዳት፣ ማለትም ከፔዳሉ ፊት ያለው ትልቁ ክብ ቆርቆሮ፣ የሚሠራው በዚያ ነው። ዋን ኤችዜድ አየሩን የሚዘጋ ክዳን የለውም፤ ስለዚህ ያን ቫኪዩም አይሰጥም። ለዚህ የራሱ ፓምፕ ያስፈልገዋል። ብዙዎቹ ላይ ፓምፑ ከዲናሞው ጀርባ ተያይዞ ነው የሚመጣው፤ አንዳንዱ ላይ ደግሞ በሞተሩ ማርሽ የሚዞር ለብቻው የተቀመጠ አለ።

መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ፔዳሉ እስኪደርቅ ደጋግመሽ ርገጪ። እግርሽን ሳታነሺ ሞተሩን አስነሺ። ጤነኛ ከሆነ ፔዳሉ ከእግርሽ ስር ትንሽ ዝቅ ይላል። ካልተነቃነቀ ረዳቱ ቫኪዩም አያገኝም ማለት ነው። ያኔ ወደ ዲናሞው ሂጂና ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቀዝቅዞ፣ ጀርባውን በእጅሽ ዳስሺው። ወፍራም ክብ ነገር ተያይዞበት፣ የዘይት ማኒኮቶ (ቱቦ) ገብቶበትና ወጥቶበት ከሆነ ፓምፑ አለ። ጀርባው የአየር ቀዳዳ ያለው ባዶ ሽፋን ከሆነ ደግሞ አንድ ሰው ዲናሞውን ሲቀይር ፓምፑን አብሮ ጥሎታል። የዘይቱን መንገድ በቡሎን ደፍኖት ታገኚዋለሽ። ይሄን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ሞተሩ ባለ 24 ቮልት ሆኖ ይመጣል፣ መኪናው 12 ነው፣ ገበያ ላይ የተገኘ ተራ 12 ዲናሞ ይታሰርበታል፣ ፍሬኑ ይደርቃል። ከዚያ ሰው ፍሬን ሸራ ይቀይራል፣ ማስተር ይቀይራል፣ ለውጥ የለም።

ይሄ እስኪስተካከል ቁልቁለት አትውረጂበት። ቸርችልንም ቢሆን።

ቀጥሎ ሙቀቱ። መርፌው ዝቅ ማለቱ አያረጋጋሽ። ክሩስኮቱ የቤንዚኑ ነው፤ ሞተሩ ላይ ያለው፣ ሙቀቱን ለመርፌው የሚልከው የሙቀት አምፖል ግን የናፍጣው ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ካልተስማሙ መርፌው ልኩን አይናገርም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ናት። እዚህ ክዳን የሌለው ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ሽንብራ በተራ ድስት ሲቀቀል ቀን የሚፈጀው፣ በግፊት ድስት ግን ቶሎ የሚበስለው ለዚህ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ሥራም ያው ነው፤ ግፊቱን ይዞ ውሃው ከ110 ዲግሪ በፊት እንዳይፈላ ያደርጋል። ላስቲኩ የሞተ ክዳን ግፊት አይዝም። ባሕር ዳርቻ ያለ መኪና በደከመ ክዳን ሊኖር ይችላል፤ እዚህ ግን ወዲያው ይፈላል። አዲስ ክዳን ግዢ፣ በሞተሩ ልክ የሆነውን። በራዲያተሩና በቬንትሌተሩ መካከል የሚቆመው ክብ ሽፋን መኖሩንም እይ። ሞተር ሲቀየር አልገጥም ብሎ የሚወረወረው እሱ ነው። እሱ ከሌለ መኪናው ሲቆም ቬንትሌተሩ በራዲያተሩ በኩል አየር መሳቡን ትቶ ያንኑ ትኩስ አየር ያሽከረክራል።

ዋን ኤችዜድ ብርቱ ሞተር ነው፤ ከልክ ያለፈ ሙቀት ግን ቴስታታውን (የሞተሩን ራስ) ይሰነጥቀዋል። ጠዋት ቀዝቃዛ ሆኖ ክዳኑን ክፈቺና አስነሺው፤ ውሃው ላይ የማያቋርጥ አረፋ ካየሽ፣ ወይም በተነሳ በጥቂት ደቂቃ የላይኛው ማኒኮቶ ጥጥር ካለ፣ ያኔ ስለ ቴስታታ እናወራለን። ካላየሽ ግን ማንም ክፈቺው ቢልሽ አትስሚ።

አሁን ቺንጋው። ይሄ የማይታይ ስለሆነ ሰው ይረሳዋል። ቱ ኤፍ ታይሚንጉ፣ ማለትም ቫልቭና ፒስተን ተናበው የሚሄዱበት፣ በማርሽ ነው፤ ዋን ኤችዜድ ግን በላስቲክ ቺንጋ ነው። በ100,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል። በራሱ መኪና ላይ ጊዜው ሲደርስ ክሩስኮቱ ላይ መብራት ይበራል። የአንቺ ክሩስኮት የቤንዚን ስለሆነ ያ መብራት የለውም። ኪሎ ሜትር ቆጣሪሽም የሚቆጥረው የመኪናውን እንጂ የሞተሩን አይደለም። ስለዚህ የሚጠየቅ ነገር የለም፤ ቺንጋውን ከመወጠሪያው ኩሽኔታ ጋር ቀይሪ፣ ቀኑንና ቁጥሩን በማይለቅ ቀለም ኮፈኑ ውስጥ ጻፊ። ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። ያ መንገድ ላይ የሚጠገን ነገር አይደለም።

ስለ ጥቁሩ ጭስ። እዚህ ከተማ አየሩ ሳስቷል፤ ባሕር ወለል ላይ ካለው ሩብ ያህሉ የለም። እንጦጦ ላይ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ሽቅብ ትንሽ ቢያጨስ አይገርምም። የአንቺ ግን ሰው አፍንጫ የሚያስይዝ ከሆነ በዝቷል። አየር ፊልትሮውን ተመልከቺ፤ የካርቡሬተሩን የአየር ቤት አስቀርተው፣ በጠባብ ማኒኮቶ አገናኝተውት ይሆናል። ሞተሩ በቂ አየር ካላገኘ ናፍጣው ሳይቃጠል ነው የሚወጣው። የአየሩ መንገድ ከተስተካከለ በኋላም ጭሱ ካልቀነሰ የናፍጣ ፖምፓውንና ናፍጣውን የሚረጩትን ኖዝሎች መለኪያ ያለው ፖምፓ ቤት ውሰጂ። ከፖምፓው ላይ ያለውን የናፍጣ መጠን ቡሎን በካቻቢቴ የሚነካ መካኒክ ካየሽ መኪናሽን ይዘሽ ውጪ።

ስለ ቱርቦም ልመልስ። ዋን ኤችዜድ ያለ ቱርቦ የተሠራ ሞተር ነው። ጨምረው የሚነዱ አሉ፤ ግን የሙቀቱን ልክ የሚያሳይ መርፌ በሌለው መኪና ላይ ቱርቦ ማሰር ሞተሩን ማቃጠል ነው። አሁን አትንኪው።

ጎማው ውስጥ ያለው ጥቁር እርጥበት የስልሳ የታወቀ በሽታ ነው። የፊት አክስሉ ጫፍ ላይ ትልቅ ኳስ የሚመስል ብረት አለ። ኳሱ ውስጥ ያለው ግራሶ ነው፤ የዲፈረንሻሉ ዘይት ደግሞ በውስጥ ኦይል ሲል (የዘይት ማገጃ ላስቲክ) ተለይቶ መቅረት አለበት። ሲሉ ሲያልቅ ዘይቱ ወደ ኳሱ ያልፋል፣ ግራሶውን ያቀጥነዋል፣ ሁለቱ ተደባልቀው እንደዚያ ጥቁር ሆነው ይፈሳሉ። በጣትሽ ንኪው፤ ክር የሚስብ ወፍራም ከሆነ ጊዜ አለሽ፣ እንደ ዘይት የሚፈስ ከሆነ ሲሉ አልቋል። ጎማውን ሲፈቱልሽ ሁለቱንም ወገን አስፈቺ፤ ኩሽኔታውም አብሮ ይታይ። መስክ ከመውጣትሽ በፊት ይሄ ማለቅ አለበት፤ ፍሬን ሸራ ላይ ከደረሰ ሌላ ጣጣ ነው።

ንቅጥቅጡን ሱፖርቶው ላይ ፈልጊው። ናፍጣ ሚኒሞ ላይ ከቤንዚን ይበልጥ ይመታል፤ የቤንዚኑ ሱፖርቶ ላይ ከተቀመጠ ወይም ላስቲኩ ዘይት ጠጥቶ ከላላ መኪናውን ሁሉ ያንቀጠቅጠዋል። ሱፖርቶው ሻንሲው ላይ የተበየደበትን ቦታ በብሩሽ አጥበሽ በባትሪ መብራት እይ። ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ካለ ደህና በያጅ ጋ ይሂድ።

የቀለሙ አረፋ ከስር ዝገት ነው። የስልሳ ዝገት የሚጀምረው ከጣሪያው የውሃ መውረጃ፣ ከኋላ መስታወቶቹ ስርና ከኋላ በር ታች ነው። ማግኔት አስጠጊበት፤ ካልያዘ ስቱኮ ነው። ለክረምቱ ውሃ እንዳይገባ ማሸጉ ይበቃል። ላሜራ ሥራው በኋላ ይደርሳል።

ሽቦ፦

ጋሼ ያሉት ላይ የኤሌክትሪኩን ልጨምር፤ ሥራዬ እሱ ነው።

የጠዋቱ ችግርና የዲናሞው ነገር አንድ ምንጭ ሊኖራቸው ይችላል። ሞተሪኖው ላይ የተለጠፈውን ፕሌት አጽድተሽ አንብቢ። 24 ቮልት ካለ፣ በ12 ባትሪ እየጎተተ የሚያዞረው ለዚህ ነው። ባትሪ ብትቀይሪ፣ ወፍራም ገመድ ብታስገቢ አይሻሻልም። ጠዋት ሞተሩን የሚያሞቁት ካንዴሌታዎችም እንዲሁ ናቸው። የ24ቱ ካንዴሌታ 12 ሲሰጡት በቂ ሙቀት አይሰጥም፤ ነጩ ጭስ በቂ ሙቀት ያላገኘ ናፍጣ ነው። ካንዴሌታዎቹን የሚያገናኘውን የብረት ዘንግ ፍቺና እያንዳንዱን በሜትር ለኪ። ጤነኛው ወደ ዜሮ የቀረበ ኦም ያሳያል፤ የተቃጠለው ምንም አያሳይም። ያልተቃጠሉትም ላይ ስንት ቮልት እንደሆኑ ተጽፏል፤ አንብቢው።

ሰው የሚረሳው ሦስተኛው ነገር ፖምፓው ላይ ያለው የናፍጣ መዝጊያ ሶሌኖይድ ነው። እሱም የ24 ከሆነ፣ ሞተሪኖው ባትሪውን ጎትቶ ቮልቱ ሲወርድ በደንብ አይከፍትም። ስለዚህ ሞተሪኖ፣ ካንዴሌታ፣ ሶሌኖይድና ዲናሞ፤ አራቱም 12 መሆን አለባቸው። አንዱን ብቻ ቀይሮ መሄድ ነው ሰውን የሚያመላልሰው። ሁለት ባትሪ አስረሽ ሞተሩን ብቻ በ24 አስነሺ የሚልሽ ካለ እኔ አልመክርሽም። ይቻላል፤ ግን መስክ ላይ ሲበላሽ የሚረዳው ሰው አይገኝም።

የዙር መቁጠሪያው መሞቱ አያሳስብሽ። የቤንዚኑ የሚቆጥረው ከኮይሉ ነው፤ ናፍጣ ኮይል የለውም። የሙቀቱንና የዘይት ግፊቱን ግን ከየራሳቸው አምፖል ጋር የተሸጡ ሜካኒካል መርፌዎች አስገቢ፤ ከክሩስኮቱ ስር ትንሽ ሳህን ላይ ይታሰራሉ። ከሁሉም በፊት ይሄን ብታስደርጊ ደስ ይለኛል። ጋሼ ስለ ቴስታታ ያሉትን ሁሉ በዓይንሽ እያየሽ ትነጂያለሽ።

ደግሞ የነዳጁ መስመር። የቤንዚን መኪና ውሃ መለያ የለውም፤ ናፍጣ ግን የግድ ይፈልጋል። ካልተገጠመ ከታንከሩና ከፖምፓው መሃል ይግባ፤ ውሃ ፖምፓ ውስጥ ከገባ ወጪው ከባድ ነው። የታንከሩ ክዳን ላይ ቤንዚን የሚለው ጽሑፍ አሁንም ካለ ጥፊውና በትልቁ "ናፍጣ" ብለሽ ጻፊ። ማደያ ላይ ወረፋ ሲረዝም ሠራተኛው የሚያየው መኪናውን ነው።

ዕቃ ስትፈልጊ አሮጌውን ይዘሽ ሂጂ። ሶማሌ ተራ ያገለገለ ታገኚያለሽ፤ አዲሱን ጎማ ቁጠባና ተክለሃይማኖት ዞር ዞር ብለሽ አወዳድሪ። ካንዴሌታና ቺንጋ ግን ያገለገለ አትግዢ።

የጎላዋ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ እንደነገሩኝ ፔዳሉን ሞከርኩት፤ ንቅንቅ አላለም። ዲናሞውን ዳሰስኩት። ጀርባው ባዶ ነው፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ሽፋን ብቻ። ከጎኑ ብሎኩ ላይ በቡሎን የተደፈነ ቀዳዳ አገኘሁ፤ ቡሎኑ ዙሪያ የደረቀ ሲልኮን አለ። ልክ እንዳሉት።

የሞተሪኖው ፕሌት በዘይትና በአፈር ተሸፍኖ ነበር። በጥርስ ብሩሽ አጸዳሁት፤ 24 ቮልት ይላል።

ውሃው ላይ አረፋ አላየሁም። ማኒኮቶውም ቶሎ አልጠጠረም። የራዲያተሩ ክብ ሽፋን ግን ጭራሽ የለም፤ የታሰረበት የቡሎን ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው።

ሻጩን ደውዬ የሞተሩን ወረቀት ጠየቅኳቸው። ከሳቸው በፊት የነበረውን ባለቤት እጠይቃለሁ ብለዋል። ክፍያው የተወሰነ ስለሚቀር አልተከራከሩኝም።

አሁን መኪናው ግቢ ቆሟል። ጥያቄዬ፦ ባለ ፓምፕ ባለ 12 ዲናሞ ካጣሁስ? ሱቆቹ ያሳዩኝ ሁሉ ፓምፕ የሌለው ነው። አንዱ ነጋዴ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ቫኪዩም ፓምፕ አስገቢ አለኝ።

የድሮ ሾፌር፦

በርቺ፤ ጥሩ ሠርተሻል።

የኤሌክትሪኩን ፓምፕ ለፍሬን አልወደውም። ፊውዝ ቢቃጠል ወይም ሽቦ ቢላቀቅ ጭነት ይዘሽ ቁልቁለት ላይ ነሽ። ከዲናሞው ጀርባ ያለውን ፓምፕ ግን ሞተሩ እየዞረ እስካለ ድረስ ራሱ ያሠራዋል።

ሱቅ ውስጥ "ዲናሞ" ብለሽ ብቻ አትጠይቂ። "የዋን ኤችዜድ፣ ባለ ቫኪዩም ፓምፕ፣ 12 ቮልት" በይ። የ75ቱ ፒካፕና የ80ው ላንድክሩዘር ላይ የሚመጣው ነው። ካጣሽ ሶማሌ ተራ ፓምፑን ለብቻው ፈልጊና ከባለ 24ቱ አስፈትተሽ ከባለ 12ቱ ጋር ይገጥም እንደሆነ ዲናሞ ቤት አሳዪ፤ ዘንጉ ከኋላ የወጣና ጥርስ ያለው መሆን አለበት። ተራው ዲናሞ ዘንጉ አጭር ስለሆነ አይገጥምም። የዘይት መግቢያውና መመለሻው ማኒኮቶ አዲስ ይሁን። መመለሻው ወፍራምና ያልታጠፈ መሆኑን አረጋግጪ፤ ዘይቱ በደንብ ካልተመለሰ ወደ ዲናሞው ይገባል። ከፓምፑ ወደ ፍሬኑ ረዳት በሚሄደው ቱቦ ላይ አየር በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ አለ። አፍሽ ላይ አድርገሽ ንፊው፤ በአንዱ በኩል ብቻ ማለፍ አለበት።

ሲገጠም ፔዳሉን እንደገና ሞክሪ፤ ዝቅ ካለ ፍሬኑ ዳነ። ከዚያ ራዲያተሩን ተመልከቺ፤ ክብ ሽፋኑን የስልሳውን ኦሪጅናል ካጣሽ ላሜራ ቤት በልኩ ያሠሩልሻል፤ የቬንትሌተሩ ጠርዝ ግማሹ ሽፋኑ ውስጥ ግማሹ ውጭ ይሁን።

ሲያልቅ በአንድ ጊዜ ሩቅ አትሂጂ። ከስድስት ኪሎ በሽሮ ሜዳ እንጦጦ ድረስ ቀስ ብለሽ ውጪ። አዲሱን የሙቀት መርፌ እያየሽ። አናት ላይ አቁሚ፣ ኮፈኑን ክፈቺ፣ የሚንጠባጠብ ካለ እይ። እዚያ አፈር መንገድ ስታገኚ የፊት ጎማ ሃቦቹን ቆልፈሽ አራት በአራቱን አስገቢ፤ ከባዱንም ማርሽ ሞክሪ። አስፋልት ላይ ግን አታስገቢው፤ ስልሳ መሃሉ ላይ የሚያስማማ ዲፈረንሻል የለውም፣ ደረቅ መንገድ ላይ ሲታጠፍ ይወጠራል፣ ክሮቼራና ማርሽ ይጎዳል። አፈር ላይ አስገብተሽ ቀጥ ብለሽ ስትነጂ የሚጎተት ወይም የሚያጉረመርም ከሆነ የፊቱና የኋላው ዲፈረንሻል ጥርስ ብዛት አይመሳሰልም ማለት ነው፤ አንዱን ቀይረውት ይሆናል። ያኔ ጻፊልኝ።

ሊብሬ ይቅደም፦

አንድ ነገር ብቻ። የሞተሩ ወረቀት እስኪመጣ ሞተሪኖና ዲናሞ ብትገዢ አያከስርሽም፤ ቢከፋ ትሸጫቸዋለሽ። ቺንጋውንና ፖምፓውን ግን ወረቀቱ ሲገኝ አሠሪ። ሻጩ ሰነድ አላገኘሁም ካሉ ውሉ ላይ ምን እንደተጻፈ ይዘሽ ነይ፤ አብረን እናነበዋለን።

ሽቦ፦

ካንዴሌታውን ስትገዢ ስድስቱንም በአንድ ላይ፣ ተመሳሳይ ማርክና ተመሳሳይ ቮልት ግዢ። ማሞቂያውን የሚቆጣጠረው ሪሌም 12 መሆኑን አረጋግጪ፤ የቤንዚን መኪና ስለነበር ያ ሪሌ በእጅ የተቀጠለ ነው የሚሆነው። በቁልፉ ላይ ሳይሆን በክሩስኮቱ ላይ በሚጫኑት በተን ከሆነ የታሰረው፣ ጣትሽን ከ15 ሰከንድ በላይ አታቆዪበት። ሽቦውን ሳስበው ቀጭን ይመስለኛል፤ ፎቶ ላኪልኝና ውፍረቱን ልንገርሽ።